ለድንጋይዋ ሴት የተጠቀለለው ነጠላ

በአማርኛ ድርሰት አንደኛ የወጣሁት በእናቴ ላይ ሰው አስቄባት ነው።

እናቴ ገጀረት በሚባለው ሰፈር፣ ከቪላዎቹ መሐል ያለችውን ትንሽ የማዘጋጃ ቤት አትክልት ስፍራ ትጠርጋለች። እዚያ ጣልያኖች ትተዋት የሄዱት ሐውልት አለች፤ እንስራ አቅፋ ራቁቷን የቆመች የድንጋይ ሴት። በከተማችን አደባባይ ሌላ የሴት ሐውልት አይቼ አላውቅም። አንድ ጠዋት እናቴ አሮጌ ነጠላዋን አለበሰቻት።

እኔ ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነኝ። የቤታችን ቋንቋ ትግርኛ ቢሆንም አማርኛው እሺ ብሎኛል፤ ብዕሬ ሲሮጥልኝ መሬት አይበቃኝም። መምህራችን «ስለ ከተማችሁ ጻፉ» ሲሉን ሐውልቷን ጻፍኩ። «ጥበብ ምን እንደሆነ ያልገባት አንዲት መሃይም፣ ድንጋዩን በረደው ብላ ቡትቶዋን አለበሰችው።» ማን እንደሆነች ግን አልጻፍኩም። መምህሩ «ጎበዝ! አንደኛ ወጥተሻል፤ የወላጆች ቀን ላይ ታነቢዋለሽ» አሉኝ።

አነበብኩ። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። የእናቴ አማርኛ ከገበያ አያልፍም፤ ሰው ሲስቅ ሳቀች፣ ከሁሉም አብልጣ አጨበጨበች፣ አጠገቧ ላለችው ሴት «ጓለይ እያ!» አለቻት፤ ልጄ ናት ማለቷ ነው።

ወደ ቤት ስንሄድ በትግርኛ ያዘችኝ።

«እስቲ ንገሪኝ፣ ምን ብለሽ ነው እንዲያ ያሳቅሻቸው?»

«ስለ አበቦች ነው፣ ኣደይ።»

«አበባ ያስቃል እንዴ? ስንት ዓመት ውሃ ሳጠጣው አንድ ቀን አላሳቀኝም!»

ቀልዷ ጨረሰኝ። ሁሉንም በትግርኛ ነገርኳት። «መሃይም» የሚለውንም አልዘለልኩትም።

«ከሰሉንስ ጻፍሽው?»

«የምን ከሰል?»

«የሰፈሩ ወንዶች ሐውልቷ ጡትና ጭን ላይ በከሰል ይሞነጫጭራሉ። ጠዋት ጠዋት አጥቤ የማጸዳት እኔ ነኝ። ቢሰለቸኝ ሸፈንኳት። ምነው ሳትጠይቂኝ?»



በማግስቱ ከትምህርት በፊት አብሬያት ሄድኩ። ነጠላውን ገፍፈው ጭቃ ላይ ጥለውታል። የተሳለውን እዚህ ለመጻፍ አፍራለሁ። ብሩሹን ተቀብዬ መፈግፈግ ጀመርኩ። ወዲያው ሁለት የክፍሌ ልጆች በመንገዱ ብቅ አሉ፤ እኔም፣ ይኸው እናገራለሁ፣ ከሐውልቷ ጀርባ ተሸሸግኩ።

እናቴ አየችኝ። እስኪያልፉ ጠብቃ ባልዲውን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።