ቡፌው ውስጥ ያልነበረው ጠርሙስ

አስረኛ ክፍል ስጨርስ ነጥብ አልመጣልኝም። ቤተሰቤ "እንግዲህ ምን ልትሆኚ ነው?" ብሎ ሳይጨርስ መስቀል ፍላወር አካባቢ አሮጌ ዕቃ የሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ተቀጠርኩ። ሥራዬ አቧራ መጥረግ ነበር። በዓመቱ ግን የብርጭቆ አዋቂ ሆንኩ። ማለቴ፣ ፕሪፓራቶሪ የገቡት ጓደኞቼ ፊዚክስ ሲሸመድዱ እኔ ብርጭቆ ገልብጬ፣ ቂጡን አይቼ፣ ዕድሜውን እናገር ነበር። ቤተሰቤ ምን ያህል እንደኮራብኝ መገመት ነው።

ዕውቀቱ ይኸው ነው፦ ፋብሪካ በቅርጽ ማውጫ የሠራው ጎኑ ላይ ስፌት የመሰለ መስመር አለው። በሰው ትንፋሽ የተነፋው ግን መስመር የለውም፤ ውስጡ አረፋ ቋጥሯል፣ ቂጡ ላይ ደግሞ ሲሠራ ከተያዘበት ብረት ሲላቀቅ የተረፈ ሻካራ ጠባሳ አለ። በቃ። ሽማግሌው አንድ ነገር ጨምረውልኝ ነበር፦ "ሰው ቤት ስትገቢ አፍሽን ዝጊ።" ይሄኛውን አልያዝኩትም።

ካዛንቺስ የኛ መደዳ ሊፈርስ ነው የተባለ ሰሞን፣ አንዲት የሰፈራችን እትዬ ዕቃቸውን አይቼ ዋጋ እንድነግራቸው ጠሩኝ። ቡፌውን በቁልፍ ከፈቱት። ለሠርጋቸው የተሰጧቸው፣ እንግዳ እንኳ ጠጥቶባቸው የማያውቅ ስድስት ብርጭቆዎች ተደርድረዋል።

"የጣልያን ክሪስታል ናቸው" አሉኝ።

አንዱን አነሳሁ። ስፌቱ የባቡር ሐዲድ ያህላል።

"እትዬ፣ ይሄማ ተራ የፋብሪካ ነው። መርካቶ በደርዘን ይሸጣል።"

ፊታቸው ጠቆረ። ብርጭቆውን ከእጄ ነጥቀው ቡፌውን ቆለፉት። እውነት በመናገሬ ኮርቼ ልወጣ ስል ማድቤቱ በር ሥር ላምባ የያዘ ጠርሙስ አየሁ። አረንጓዴ፣ ትንሽ ጠመም ያለ፣ አፉ በጨርቅ የተወተፈ። አነሳሁት። መስመር የለም። አረፋ አለ። ቂጡን ስዳስሰው ጠባሳው ጣቴን ቧጨረኝ። እስከዚያ ቀን የማየው ሽማግሌው ያገኙትን ብቻ ነበር፤ ይሄን ግን ራሴ አገኘሁት። ሳልይዘው ከዚያ ግቢ አልወጣም አልኩ።

"እትዬ፣ ይሄን ይሽጡልኝ። ውዱ ዕቃዎ ይሄ ነው።"

"ክሪስታሌን ተራ ያልሽበት አፍ የላምባ ጠርሙሴን ውድ አለው? ቀልደኛ! ለቁራሌው እሰጠዋለሁ እንጂ ላንቺ አልሰጥም!"

አረፋውን አሳየኋቸው፣ ጠባሳውን አስዳሰስኳቸው። ባብራራሁ ቁጥር ይበልጥ አጭበርባሪ መሰልኳቸው። በመጨረሻ ግቢው ውስጥ ዕቃ ወደሚያስሩት ጎረቤቶች ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ክሪስታል ናቸው በይ። እነሱ እንዲሰሙ።"

"ጠርሙሱን ይሰጡኛል?"

"መጀመሪያ በይ።"

ሰፈሩ የሚያውቀኝ ያየሁትን ፊት ለፊት በመናገር ነው። ሌላ የረባ ስም የለኝም። ጠርሙሱን አየሁት።

"የእትዬ ብርጭቆዎች ክሪስታል ናቸው!" አልኩ ጮክ ብዬ።

በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። "የጣልያን።"

"የጣልያን!"

ላምባውን ጀሪካን ውስጥ ገለበጡ፤ የጠሩትን ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩና ጠርሙሱን ሰጡኝ። ወዲያው አንዷ ጎረቤት "ነይ እስቲ የኔንም እይልኝ" አለችኝ። የሷም ክሪስታል ሆነ። የሦስተኛዋማ ሳላየው።

ጠርሙሱን አቅፌ ታክሲ ስገባ ረዳቱ አፍንጫውን ይዞ "እህት፣ ላምባ ይዘሽ አትሳፈሪም፣ ውረጂ!" አለኝ። ወረድኩ። እስከ መስቀል ፍላወር በእግሬ ሄድኩ፣ በየመንገዱ እየቆምኩ ቂጡን እየዳሰስኩ።