ሰደፉ የወለቀ ዕለት

ሰውየው የአንድ የኢላማ ተኩስ ክበብ አናጢ ነበር። ዕድሜውን የፈጀው ጠመንጃ በመተኮስ ሳይሆን የጠመንጃ እንጨት በመጠገን ነው። ተኳሾቹ «ቀስ በል» የሚል ስም አውጥተውለት ነበር፤ ማንም ብሎን ሊፈታ ካቻቢቴ ባነሳ ቁጥር ከጀርባው መጥቶ የሚላት ቃል እሷው ናት። «አንተ እኮ እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ነው የምትጠብቀው» እያሉ ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል፤ ካቻቢቴውን ግን ይቀማቸዋል።

ጡረታ ሲወጣ ክበቡ አንድ አሮጌ የኢላማ ጠመንጃ ሸለመው። መተኮሻው የወለቀ ነው፤ ሰደፉን ግን ራሱ ጠርቦ የሠራው እሱ ነበር። በየዓመቱ የዝናቡ ወራት ሲያልፍ በሳሎኑ ወለል ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ዘርግቶ ሰደፉን ያወልቀዋል። መጀመሪያ ከሰደፉ ግርጌ ያለችውን የብረት ሽፋን ያነሳል። ከሽፋኗ ሥር ጥልቅ ቀዳዳ አለ፤ እንጨቱን ከብረቱ ጋር የያዘው ዋናው ብሎን የተደበቀው እዚያ መጨረሻ ላይ ነው። እሱን የሚፈታበት ክንድ የሚያህል ካቻቢቴ አሠርቷል። ከዚያ እንጨቱን ወልውሎ የተልባ ዘይት በመዳፉ እያሸ ያጠጣዋል። ሚስቱ «እኔን እንኳ እንዲህ አሽተኸኝ አታውቅም» ስትለው በሀፍረት አንገቱን ይደፋል።

ዘንድሮ ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆነ፣ አንደበቱም ተዘጋ። የቀረችው «እ» ብቻ ናት። ሲርበውም እ፣ ሲበርደውም እ፣ ሲቆጣም እ። አእምሮው ግን እንደ ድሮው ስል ነው፤ ክፋቱም ይኸው ነው።

ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጠመንጃ ያያል። እንጨቱ ደርቆ ነጣ ነጣ ብሏል። ሚስቱ ይህን አይታ አንጀቷ አልችል አለና ታናሽ ወንድሟን ጠራችው። ወንድሟ ሹፌር ነው፣ ደግ ሰው፣ እጁ የማይነካው ሥራ የለም። እጁ የነካው ሥራ ሁሉ ደግሞ በኋላ ሌላ ሠራተኛ ያስፈልገዋል።

«ጋሼ፣ ዛሬ አዲስ አስመስዬ ነው የማስረክብህ!» ብሎ ብርድ ልብሱን ዘረጋ። ረጅሙን ካቻቢቴ ከሣጥኑ አውጥቶ አገላበጠው። «ይሄ ደግሞ ለምንድነው? ለቱቦ መጎርጎሪያ?» አለና ወደ ጎን ወረወረው።

«እ!» አለ ሰውየው።

«አይዞህ ጋሼ፣ አይጠፋም።»

ብረቱ ላይ ያገኛቸውን ትንንሽ ብሎኖች ፈታና ሰደፉን ሳበው። ወይ ፍንክች! በማጣበቂያ የተያዘ መሰለው። ሰውየው በደህናው እጁ ወደ ሰደፉ ግርጌ ሊጠቁም ሞከረ። ግራ እጁ ድሮም ሰነፍ ናት፤ ተንቀጥቅጣ ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ብርጭቆ ዞረች።

«እትዬ፣ ውሃ ጠምቶታል!»

ሚስቱ ሮጣ መጥታ ብርጭቆውን ከንፈሩ ላይ ደቀነችለት። ውሃው ባገጩ ወረደ። እሱ ከብርጭቆው በላይ የሚያየው ወንድሟ መዶሻ ሲያነሳ ነው።

«እ! እ!»

«ቀስ ብለህ ዋጠው እንጂ» አለችውና አገጩን የምትጠርግበት ጨርቅ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ወንድምየው መዶሻውን በጨርቅ ጠቅልሎ ሰደፉን መታው፤ ደገመው። ሰውየው ከወንበሩ ሊነሳ ቃጣ፤ እግሩ አልታዘዘውም። ዕድሜ ልኩን የሰው እጅ ሲይዝ የኖረ ሰው፣ በገዛ ቤቱ፣ ሁለት እርምጃ ርቆ የገዛ ሥራው ሲሰበር ቁጭ ብሎ አየ። እንጨቱ ጧ አለ።

«ምንድነው?» አለች ሚስት ከጓዳ።

«ምንም! ወለቀልኝ!»

ሰደፉ አንገቱ ላይ በቁመቱ ተሰንጥቋል። በስንጥቁ ውስጥ ያ ረጅም ብሎን ይታያል። ወንድምየው ብሎኑን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። ፈጥኖ በብርድ ልብሱ ሸፈነው፣ ከሰውየው እግር ሥር ተንበረከከና ደህናውን እጁን በሁለት እጁ ያዘ። ሰውየው ከታመመ ወዲህ ቤት የመጣው ሁሉ እንደ ሕፃን ቆጥሮት ጮክ እያለ ነበር የሚያናግረው። ወንድምየው ግን ወደ ጓዳው ሰረቅ አድርጎ አየና ጆሮው ሥር አንሾካሾከ፦

«ጋሼ፣ በእናትህ፣ ለእትዬ እንዳትነግርብኝ።»