ሰማያዊው የማዳበሪያ ክር

ዛሬ እህል በረንዳ ለእትዬ ዘይነባ ጤፍ ስገዛ፣ ከማዳበሪያው አፍ የተፈታ ሰማያዊ ክር ሹራቤ ላይ ተጠምጥሞ እስከ በራቸው ተከተለኝ። ሌላ ሰው ቢሆን በጥሶ ይጥለው ነበር፤ እኔ ግን በጣቴ እየጠቀለልኩት ስቆም የልጅነቴ እሑዶች ከነአቧራቸው መጡብኝ።

እትዬ ዘይነባ ከወሎ መጥተው እህል እያበጠሩ የሚያድሩ ጎረቤታችን ነበሩ። የራሳቸው ልጅ ስላልነበራቸው እኛን የግቢውን ልጆች እንደ ራሳቸው ይቆጡናል። ሳምንቱን ሙሉ ከመጋዘኑ ወለል የጠረጉትን ስንዴና ማሽላ በፌስታል ያጠራቅሙና፣ እሑድ ጠዋት ከጋሪውና ከወያላው ጩኸት አውጥተው ወደ መናፈሻው ይወስዱናል። ለመርካቶ ልጅ ዛፍ ማለት አጣና ሆኖ ከመኪና የሚራገፍ ነገር ነውና፣ የመናፈሻው ጥድ ቅጠሉን ለብሶ፣ ሽታው አፍንጫ እየሞላ ቆሞ ሳየው ሁልጊዜ ይደንቀኝ ነበር።

እሳቸው ግን መናፈሻውንም ገበያ አደረጉት። ርግቦቹ ሲጋፉ "ወረፋ ጠብቂ፣ ላንቺ ብቻ አልመጣሁም!" ይላሉ፤ ፈራ ተባ ለሚሉት ድንቢጦች ደግሞ ለብቻቸው ምርቃት ይበትናሉ።

ከጥራጊው ውስጥ የማዳበሪያ ክር አይጠፋም። ለቅሞ መጣል ለማናችንም ትዝ አላለንም፤ እንዲያውም ርግቦቹ ክሩን በአፋቸው ይዘው ወደ ጥዱ ሲወጡ፣ ጎጆ ሊሠሩበት ነው ብለን እናጨበጭብ ነበር። እትዬ ዘይነባም ደስ ብሏቸው ለሚቀጥለው እሑድ ረዘም ረዘም ያለውን መርጠው አመጡላቸው።

ከዚያ በኋላ አንድ እሑድ ስንደርስ፣ አንዲት ርግብ እግሯ በሰማያዊው ክር ታስሮ ከጥዱ ጫፍ ቁልቁል ተንጠልጥላ ክንፏን ታራግባለች። የመናፈሻው ዘበኛ ረጅም እንጨት ቢያመጡ አልደረሰም፤ መሰላል የለም፤ ልውጣ ያለውን ልጅ ቅርንጫፉ አልችለው አለ። እትዬ ዘይነባ ሻርፓቸውን ከትከሻቸው አውርደው፣ ብትወድቅ እንቀበላታለን ብለው ጫፍ ጫፉን አስያዙን። ክንዳችን እስኪዝል፣ አንገታችን እስኪደነዝዝ ቆምን። አልወደቀችም። ከታች ሆኖ ከማየት በቀር ምንም አለመቻል ምን እንደሆነ ያኔ ነው ያወቅሁት፤ ከዚያ ወዲህም አልለመድኩትም።

ከሰዓት ላይ ክንፏ ቀጥ አለ። ሁላችንም አይተናል። እትዬ ዘይነባ ግን ሻርፓቸውን ቀስ ብለው አጣጥፈው "ደክሟት ተኝታ ነው፤ ስትነቃ ትበራለች" አሉን። ዳግመኛ መናፈሻ አልወሰዱንም።

አሁን እትዬ ዘይነባ ራሳቸው አልጋ ላይ ናቸው፤ ሐኪሞቹ ከእንግዲህ የሚደረግ የለም፣ ወደ ቤት ይዛችኋቸው ሂዱ ብለዋል። የእኔ ሥራ ትራሳቸውን ማስተካከልና ማየት ብቻ ሆኗል። ጤፉን ሳስቀምጥ ጣቴ ላይ ያለውን ክር አዩት። ስሜን ከረሱት ሰንብተዋል፤ ክሩን ግን ዐወቁት።

"ያቺ ወፍ... ወረደች?" አሉኝ።

"ነቅታ በረረች፣ እትዬ።"

ዐይናቸውን ጨፈኑ። እንደዚያን ዕለቱ ሻርፕ የብርድ ልብሳቸውን ጫፍ ያዝኩ። ሌላውን ጫፍ የሚይዝልኝ ግን አልነበረም።