ማዶ የወጣው ጽሑፌ

ኮተቤ በሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ እንደ እኔው አማርኛ ከምታስተምር ሴት ጋር አንድ ቢሮ እየተጋራን ስምንት ወር ሙሉ ተኳርፈን ኖረናል። ጨርሶ ቃል አልተለዋወጥንም ማለቴ አይደለም። «ቁልፉ እርስዎ ጋ ነው?» ትለኛለች። «የለም፣ እርስዎ ጋ ነው» እላታለሁ። እኩዮች ነን። ከመጣላታችን በፊት አንቺ እየተባባልን ምሳ አብረን የምንወርድ ሰዎች ነበርን። ያ «እርስዎ» የአክብሮት ሳይሆን የምንሰነዛዘርበት ዱላ ነበር።

የጠባችን መነሻ የእናቴ ለቅሶ ነው። እናቴ በሞተች ጊዜ የኮሌጁ ሠራተኛ በሙሉ አያት ሰፈር ያለው ቤታችን ድረስ መጥቶ አስተዛዝኖኛል። ከበሩ ተለይቶ የማያውቅ የበር ጥበቃ ሳይቀር ፈቃድ ጠይቆ መጣ። እሷ ግን አልመጣችም፤ አልደወለችም። ሐዘኔን ጨርሼ ሥራ ስገባም «እግዜር ያጥናሽ» አላለችኝም። ቀና ብላ አየችኝና ወደ ወረቀቷ ተመለሰች። ምን እንዳደረግኳት አልጠየቅኳትም። ጥቁር ለብሼ የቆምኩት እኔ ነኝ፤ የሚጠየቅ ካለ እኔ ነኝ የምጠየቀው ብዬ ተውኩት። ከዚያ ወዲያ በየሰበቡ ተናከስን፤ በወንበር፣ በመብራት፣ መስኮት በመክፈትና በመዝጋት። በመጨረሻ አስተዳደሩ ሲሰለቸው ቢሮውን በችፑድ ግድግዳ ለሁለት ከፈለው። ችፑዱ ኮርኒስ አይደርስም፤ ስታስል እሰማታለሁ።

የዚያን ሐሙስ ጠዋት የተማሪዎች ውጤት ማስገባት ነበረብኝ። ኮምፒውተሩን ከፍቼ ማውሱን ስነካው ስክሪኑ ላይ ያለው ቀስት ንቅንቅ አላለም። ኪቦርዱን ነካካሁት፤ እሱም ዝም። ሁለቱም ገመድ አልባ ናቸው፤ ከኮምፒውተሩ ኋላ የምትሰካ የጥፍር ያህል መቀበያ አለቻቸው፤ በእሷ በኩል ነው የሚሠሩት።

መጀመሪያ ባትሪ ድንጋዩን ጠረጠርኩ። ወርጄ ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ አዲስ ገዛሁና ቀየርኩ። የማውሱ ሆድ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ቦግ አለች፤ ቀስቱ ግን አሁንም አልተንቀሳቀሰም። ማብሪያ ማጥፊያውን ደጋግሜ ገፋሁት። መቀበያዋን ነቅዬ እፍ ብዬ መልሼ ሰካኋት፤ ከኋላ ነቅዬ ከፊት ሰካኋት። ኮምፒውተሩ በየጊዜው ጡን እያለ «አውቄያታለሁ» ይለኛል፤ ማውሱ ግን ሬሳ ነው። አጥፍቼ አስነሳሁት። ሞገዱ ይረብሸው ይሆናል ብዬ የእጅ ስልኬን አራቅኩ። ከሬጅስትራር ባለ ገመድ ማውስ ተውሼ ስሰካ ወዲያው ሠራ። እንግዲያው ኮምፒውተሩ ደህና ነው፤ የሞተው የኔው ነው። ጥገና ክፍል ብደውል ስልክ የሚያነሳ ጠፋ።

ያን ጊዜ ነው ልቤ ወደ ማዶ የሄደው። ትናንት ማታ ከእኔ በኋላ የወጣችው እሷ ናት። ውጤት የማስገባው ዛሬ መሆኑን ታውቃለች። ሠርታብኝ ነው አልኩ። አንዴ እንዲህ ካሰብኩ በኋላ ማስረጃው ተግተለተለ፤ ጠዋት ስገባ ጉሮሮዋን የጠራረገችው፣ ክፍል ለማስተማር ስትወጣ በሩን ቀስ አድርጋ የዘጋችው፣ ሁሉም ስለዚህ ሆነ።

ኪቦርዱን ፊቴ አስቀምጬ በንዴት ደበደብኩት። እንደማይጽፍ ስላመንኩ የመጣልኝን ሁሉ ጻፍኩ። ስምንት ወር ሆዴ ውስጥ የተጠራቀመው በጣቶቼ ወረደ። ማውሱንም እያነሳሁ ጠረጴዛው ላይ አላጋሁት። ስክሪኔ ላይ አንዲት ፊደል አልታየችም። ትንሽ ቀለል አለኝና ሻይ ልጠጣ ወረድኩ።

ስመለስ እሷም ከክፍል ተመልሳለች። ወንበሯ ሲንቋቋ ሰማሁ። ቀጥሎ የእግሯ ኮቴ መጣና ችፑዱ ከተተከለ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እኔ በኩል ዞረች። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል።

«ኮምፒውተሬ ላይ ማን አስቀመጠሽ?» አለችኝ።

አንቺ ማለቷን ልብ ያልኩት ቆይቼ ነው።

«ምን አገባኝ በእርስዎ ኮምፒውተር?»

«ነይ እዪው።»

ተከትያት ሄድኩ። ስክሪኑ ላይ ትናንት ሳትዘጋው የሄደችው የፈተና ወረቀቷ እንደተከፈተ ነው። ከሰባተኛው ጥያቄ ሥር፣ የግጥሙን ቤት አመታት ተንትኑ ከሚለው ቀጥሎ፣ የኔ ቃላት ተደርድረዋል። እሷ ተማሪ ፊት እንደምታነብ አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችው፦

«እናቴ አፈር ስትለብስ ያልቆመች ምቀኛ። የሰው ሞት የማይገባት አረመኔ። አሁን ደግሞ ማውሴን ገደለች። የራስሽን እናት ቀብረሽ ሰው ያሳጣሽ።»

የመጨረሻዋን አረፍተ ነገር መጻፌን ረስቼው ነበር።

«እኔ እዚህ አልተቀመጥኩም» አልኩ። «እኔ የጻፍኩት እዚያ ነው። የኔ ኪቦርድ ላይ።»

«እና ጂኒ አመጣው?»

ማውሷን አንስታ ነቀነቀችው፤ የእሷም ቀስት አልሄደም። በዚህ መሃል የጥገና ሠራተኛው፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ ጎልማሳ፣ ያልተነሳ ስልክ አይቶ ኖሮ መጣ። ሁለታችንን አፈራርቆ አየን። ወደ እኔ ክፍል ሄዶ ማውሴን አንቀሳቀሰው፤ የእሷ ስክሪን ላይ ያለው ቀስት ሽው አለ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ። «ትናንት ማታ አቧራ ሳራግፍ መቀበያዎቹን ነቅዬ ነበር። ሁለቱም አንድ ዓይነት ናቸው። አለዋውጬ ሰካኋቸው።» ነቅሎ አቀያየራቸው፤ ሁለት ደቂቃ አልፈጀም። «አንዳችሁ ጮክ ብላችሁ ‹ያንቺ ይሠራል ወይ?› ብትሉ ኖሮ እኮ ወዲያው ይታወቅ ነበር» አለና ወጣ።

በሩ እስኪዘጋ ቆየች።

«ለቅሶሽ ላይ አውቄ ነው የቀረሁት» አለችኝ። ድምፅዋ ዝቅ ብሎ ነበር፤ መጮኋ ይሻለኝ ነበር። «አባቴ የሞተ ጊዜ እዚህ ከተቀጠርኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር። ሠራተኛው ሚኒባስ ተኮናትሮ አገሬ ድረስ ሊመጣ ነበር። ‹ላልለመድናት ሰው ይህን ሁሉ መንገድ? በስልክ ይበቃል› ብሎ ያስቀረው ሰው እንዳለ የሰማሁት ሦስት ዓመት ቆይቼ ነው። ማን እንደሆነም ነገሩኝ።»

ልክድ አፌን ከፈትኩ። ነገር ግን ትዝ አለኝ። የሠራተኛ ክፍል ውስጥ፣ በቁሜ፣ የፈተና ወረቀት እየቆጠርኩ ነበር የተናገርኩት። ክፋት አስቤ አልነበረም፤ የሚቀጥለው ቀን ቅዳሜ ስለነበር ማረፍ ፈልጌ ነው። ከአፌ ከወጣ በኋላ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ምሳ አብሬያት በልቻለሁ።

«አላወቅኩም…» አልኩ። «ይቅርታ አድርጊልኝ።»

«እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ ‹የልጄ የሥራ ባልደረቦች ከአዲስ አበባ እየመጡ ነው› ብላ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ለብቻችሁ ቦታ አስለቅቃላችሁ፣ እስኪመሽ መንገድ መንገዱን ስታይ ዋለች። እኔን አይደለም ይቅርታ የምትጠይቂው።» ወደ ስክሪኑ ዞረች። «እሷንም አሁን ረግመሽልኛል።»

የጻፍኩትን ላጠፋላት እጄን ወደ ኪቦርዷ ብሰድ እጄን ገፋችው። የማጥፊያውን ቁልፍ እየተጫነች፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ አንድ በአንድ፣ እኔ ቆሜ እያየሁ አጠፋችው። ከዚያ «ይውጡልኝ» አለችኝ። ወደ እርስዎ ተመልሳ ነበር።

ወደ ሰኔ ላይ ከአስተማሪዎቹ በዕድሜ የሚበልጡት አንድ አባት ሊያስታርቁን ሞከሩ። እኔ እሺ አልኩ። እሷ «እኔ ከእሳቸው ጋር ጠብ የለኝም» ብላ መለሰቻቸው። አንድ እሁድ በአማላጅ ሳይሆን በራሴ እግር ወሰን ሰፈር ያለው ቤቷ ድረስ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ፤ እናቷ ከገጠር መጥተው ከእሷ ጋር እንደሚኖሩ ሰምቼ ነበር። በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ከኋላዋ አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴት ሶፋ ላይ ተቀምጠው «ማነው ልጄ?» ሲሉ ሰማሁ።

«ቤት ተሳስተው ነው፣ እማዬ» አለችና ዘጋችው።

ደረጃው ላይ ጥቂት ቆምኩ። ደግሜ ላንኳኳ አሰብኩ፤ አላንኳኳሁም። በመስከረም ኮሌጁ ሌላ ቢሮ ሰጠኝ። ኮሪደር ላይ ስንገናኝ «ጤና ይስጥልኝ» እንባባላለን። ሠራተኛው እስከ ዛሬ የሁለት አስተማሪዎች ጠብ በማውስ የመጣ ነው እያለ ይስቃል። አላርመውም፤ ባርመው የራሴን ጥፋት ማውራት ይኖርብኛል።