በሐይቁ መውረጃ የታሰረው ገመድ

በዚያን ጊዜ ከእኛ ቀበሌ በታች መኪና እስከ ሐይቁ ውሃ ድረስ የሚወርድበት አንድ ሰፊ መንገድ ነበር። በበጋ እሑድ እሑድ የመንግሥት ላንድሮቨሮች ወርደው አሸዋው ላይ ይቆማሉ። ክረምት ሲገባ ግን መሬቱ ይረሰርስና ጎማ ይውጣል። ዓሣ አስጋሪዎቹም ዝናቡ ፋታ በሰጠ ቁጥር መረባቸውን እዚያው ሣር ላይ ዘርግተው ያደርቃሉ። ስለዚህ ቀበሌው ከሰኔ እስከ መስከረም መኪና እንዳይወርድ ከለከለና በሁለት ግንዶች መካከል ወፍራም ገመድ አሰረ። እግረኛ ጎንበስ ብሎ በሥሩ ያልፋል፣ መኪና ይመለሳል። ገመዱ የሚፈታው ልዩ ፈቃድ ላለው ብቻ ነበር።

ጠባቂው አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ቤታቸው በቱላ በኩል ስለሆነ ጠዋት ጠዋት በእግራቸው ይመጣሉ። ማንበብ አይችሉም። እኔ ልብስ የማጥበው ከገመዱ ትንሽ ራቅ ብዬ ስለነበር፣ ወረቀት የያዘ ሰው ሲመጣ «ልጄ፣ ነይ እስቲ እይልኝ» ብለው ይጠሩኛል። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አነባለሁ፣ ግን ፊደል በፊደል እየለቀምኩ፣ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው። እሳቸው ይህን እንደ ትልቅ እውቀት ቆጥረው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ «ጸሐፊዬ ናት» ይሉ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን እደብቃለሁ።

አንድ የነሐሴ ረፋድ ሦስት ሰዎችን የያዘ ላንድሮቨር መጣና ገመዱ ጋ ቆመ። ሾፌሩ በመስኮት ወረቀት አቀበላቸው፣ እሳቸውም ጠሩኝ። የሳሙናውን አረፋ ቀሚሴ ላይ ጠርጌ ተቀበልኩ። የእጅ ጽሑፍ ነው። ከሥሩ ክብ ወይን ጠጅ ማኅተም አለው። የመጀመሪያውን መስመር እንደምንም አወጣሁት፤ ጓዶቹ ወደ ሐይቁ ዳር በመኪና እንዲገቡ ተፈቅዶላቸዋል ይላል። ከዚያ በታች ገና ሁለት መስመር ነበር።

«እናቴ፣ አንቺ ፊደል ቆጥረሽ እስክትጨርሺ ሐይቁ ይደርቃል» አለ ሾፌሩ።

ከኋላ ያሉት ሳቁ። ፊቴ ጋለ። እነዚያን ሁለት መስመሮች በእነሱ ፊት ስንተባተብ መታየቱን ፈራሁ። ማኅተሙን አየሁ። ያን ጊዜ ማኅተም ያለበትን ነገር ማን ይጠራጠር ነበር? ወረቀቱን አጠፍኩና፣

«ፈቃድ ነው አባባ፣ ይፍቱላቸው» አልኩ።

ፈቱላቸው። መኪናው ሃምሳ እርምጃ እንኳ ሳይሄድ ጭቃ ዋጠው። ሾፌሩ ለመውጣት ወደፊትም ወደኋላም ሲታገል ሣሩ ላይ ተዘርግቶ የነበረውን መረብ ጎማው እየጠቀለለ ቦጫጨቀው። የሦስት ሰው መረብ ነበር። ዓሣ አስጋሪዎቹ እየጮኹ ተሰበሰቡ። የማኅበራቸው ጸሐፊ ወረቀቱን ከሾፌሩ ተቀብሎ ጮክ ብሎ አነበበው። የመጨረሻው መስመር «በበጋ ወራት ብቻ» ይል ነበር። ይህን ስሰማ ያልተለቀለቀውን ልብስ ከነሳሙናው ሰብስቤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

በሳምንቱ የቀበሌ ስብሰባ ተጠራ። ሊቀ መንበሩ ለሽማግሌው የልጅ ልጅ የሚሆን ሰው ነው፣ አንቱ እንኳ አላላቸውም።

«አንተ ማንበብ አትችልም። ወረቀቱን ማን አነበበልህ?»

እኔ ከሴቶቹ መካከል በነጠላዬ አፌን ሸፍኜ ተቀምጫለሁ። የመጀመሪያ ልጄ ለብሔራዊ ውትድርና ዕድሜው እየደረሰ ነበር፣ ዝርዝሩን የሚያዘጋጀው ደግሞ ያው ቀበሌ ነው። ስሜ እዚያ እንዳይነሳ ብቻ እየለመንኩ ነበር። እሳቸው ወደ እኔ ዞር ብለው እንኳ አላዩም።

«ማኅተም አየሁ፣ ፈታሁ። ሌላ ሰው የለበትም» አሉ።

ከሥራቸው ተሰናበቱ። ለመነሳት ጉልበቴ አልታዘዘኝም እል ነበር ድሮ፣ ለራሴ። ጉልበቴ ደኅና ነበር። አልተነሳሁም።

ከዚያ የሆነውን መጻፍ ይከብደኛል። ሊቀ መንበሩ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ስህተት እንዳይፈጠር ማንበብ የሚችል ሰው ገመዱን ይጠብቅ አለ። አንዲት የሴቶች ማኅበር ሰው ወደ እኔ ጠቆመች። እምቢ ብል ለምን ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ደግሞ ሥራ ነው፣ ቤቴ የሚበላ ይፈልጋል። ተቀበልኩ። በማግስቱ እሳቸው ይቀመጡበት የነበረው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

እስከሚቀጥለው ክረምት አላየኋቸውም። አንድ ቀን ጠዋት ማጭድ ይዘው መጡ። ከሐይቁ ዳር ሣር አጭደው ፒያሳ ጋሪ ለሚነዱ ሰዎች ይሸጡ እንደነበር ኋላ ሰማሁ። ከስተዋል። ተነስቼ ሰላም አልኳቸው። ልጆቼን አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ዓመት ሙሉ ሲያብሰለስሉት የቆዩትን ነገር አወጡት።

«ያ የመጨረሻው መስመር፣ አንቺ ስታነቢው አልነበረም አይደል? መኪናው ሲሰምጥ ነው ሰዎቹ የጨመሩበት፣ ጥፋቱ በእኔ እንዲሆን። ሚስቴ ያቺ ልጅ አላነበበችውም ትለኛለች። እኔ ግን ጸሐፊዬ እንዲህ አትሳሳትም እላታለሁ።»

ሰው በአቅራቢያችን አልነበረም። ቀበሌም፣ ሊቀ መንበርም የለም። እውነቱን ብነግራቸው ልጄን የሚወስድብኝ፣ ከሥራ የሚያባርረኝ አልነበረም። በእኔ ላይ ያላቸውን ያንን እምነት ብቻ ነበር የማጣው።

«አልነበረም አባባ» አልኳቸው።

«ብያት ነበር» አሉ። ፊታቸው ፈካ። ገመዱን ከፍ ላደርግላቸው እጄን ስዘረጋ ተዪው አሉኝና ወገባቸውን ይዘው በሥሩ አለፉ። ወደ ውሃው ሲወርዱ ቀስ እያሉ ነበርና፣ ብጠራቸው ይሰሙኝ ነበር።