መምህሬ ዛሬ አረፉ

መሞቴን የሰማሁት ጡረታ በወጣሁ ማግስት ጠዋት፣ ጂንካ ውስጥ፣ ጓሮዬ ሙዝ ስር አረም እየነቀልኩ ነው። የነገረችኝ ባለቤቴ ናት። ስልኳን ወደ ዓይኔ አስጠግታ «ቁርስህን በልተህ ነው የሞትከው ወይስ ሳትበላ?» አለችኝ። የአሪ ልጅ ናት፤ ስትቀልድ ፊቷ ላይ ምንም አይታይም።

ስልኩ ላይ የእኔ ፎቶ አለ፤ ብቻዬን፣ ፊቴን አኮሳትሬ። ከስሩ እንዲህ ይላል፤ «መምህሬ ዛሬ አረፉ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ስለ እኛ ደክመዋል። ክብር ለእርሳቸው ይሁን።» ከዚያ በታች ያለውን አንብቤ መጨረስ አልቻልኩም። ነፍስ ይማር፣ ነፍስ ይማር፣ ያሳዝናል፣ የሚያለቅስ ፊት፣ የተጣመሩ እጆች፣ ደግሞ ነፍስ ይማር።

በዚህ ነገር ብዙ ሰው ስቋል። እኔም ስቄያለሁ፤ ጥፋቴም ይኸው ነው። የተጎዳው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ሟቹ አይደለም። የተጎዳችው ያንን የጻፈችው ተማሪዬ ናት።

ሐመር ወረዳ፣ ዲመካ የተመደብኩት መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ ነው። ጎረምሳ ነበርኩ፤ አማርኛ አስተምር ተብዬ ሄድኩ። ተማሪዎቼ ቤታቸው የሚናገሩት ሐመርኛ ነው፤ አማርኛን የሚያገኙት በእኔ ክፍልና በገበያ ቀን ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ ልጅ ተነሥቶ ሲያነብ ተሳሳተ፣ ክፍሉ በሙሉ ሳቀበት፣ ልጁም ሦስት ቀን ሳይመጣ ቀረ። እኔም ተናድጄ ደንብ አወጣሁ፦ በሌላው አማርኛ የሳቀ ደወል እስኪደወል ውጭ ይቆማል። እርማት ደግሞ በእርሳስ፣ በደብተር ላይ ብቻ። ስህተት ጮክ ተብሎ አይነበብም። «ስህተት በደብተር ይቀራል» እላቸው ነበር።

ደንቡ እኔንም አልማረኝም። አንዲት ልጅ «የወንድሜ ላም ወለደች» ለማለት «ላሟ ወንድሜን ወለደች» ብላ ጽፋ አመጣች። አፌን በመሐረብ አፈንኩ፤ አልሆነም፣ ሳቁ አመለጠኝ። ክፍሉ ጸጥ ብሎ አየኝ። ምን አማራጭ አለኝ? ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁና ፀሐይ ላይ ቆምኩ። ልጆቹ በመስኮት እየተጋፉ አዩኝ። ደስታቸው ከበዓል ቀን አያንስም ነበር።

ያች ልጅ ናት «መምህሬ ዛሬ አረፉ» ብላ የጻፈችው፤ አሁን ራሷም አስተማሪ ናት።

ከሁሉም ይልቅ የክብር አነጋገር የገባት እሷ ነበረች። ሌሎቹ ለወረዳው አስተዳዳሪ ሳይቀር «አንተ» ይሉ ነበር፤ እሱ ይቆጣል፣ እኔ በልቤ እስቃለሁ። እሷ ግን አዲስ ግሥ በተማርን ቁጥር «ለትልቅ ሰው እንዴት ይባላል?» ብላ ትጠይቃለች። አንድ ቀን ለእንግዳ «ተቀመጥ» አይባልም፣ «አረፍ ይበሉ» ይባላል ብዬ አስተማርኩ። «አረፈ» ማለት ከድካሙ ተገላገለ ማለት ነው ብዬ ሰሌዳው ላይ ጻፍኩ። ሌላውን ትርጉሙን ዘለልኩት፤ ለሕፃን ምን ያደርግለታል ብዬ። እንግዲህ ሥራ አቁሜ ከድካሜ ስገላገል ቃሉን ተጠቀመችበት፣ በዚያ ላይ በአክብሮት። ሞተ ቢባል እንኳ ሰው ጠርጥሮ ይጠይቅ ነበር። «አረፉ» ሲባል ግን ማን ይጠይቃል? የገደለኝ ክብሯ ነው።

ፎቶውስ ከየት መጣ ትሉኝ ይሆናል። ከስንብት ፕሮግራሜ ነው፤ ሰጪውን ቆርጣ እኔን ብቻ አስቀርታለች። የምስክር ወረቀቴን የተቀበልኩት ሦስት ጊዜ ነው። አንዴ ተቀበልኩ፤ የኮሙኒኬሽን ባለሙያው «መምህር፣ አልወጣም፣ ይመልሱትና እንደገና» አለኝ። መለስኩ። ሁለተኛው ላይ ሰጪው ዓይኑን ጨፍኖ ተገኘ። በሦስተኛው አጨብጫቢው ደክሞት ነበር፤ እኔም ፊቴ ተኮሳትሯል። ዛሬ በእኛ ከተማ ፎቶው ካልተለጠፈ ነገሩ እንዳልተደረገ ነው። ዛፍ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ዛፉን ውኃ የሚያጠጣው ግን የለም። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ ምግቡ እስኪቀዘቅዝ ከካሜራ ፊት አይነሡም። ቀይ አፈር ገበያ ላይ ማር ልግዛ ብዬ ብቆም፣ ሻጯ ከእኔ ጀርባ ላለው ስልክ ፈገግ ትላለች እንጂ ዋጋ አትነግረኝም። የኔ ቀን እስኪደርስ በዚህ ሁሉ ስበሳጭ ኖርኩ።

ወደ ሞቴ ልመለስ። አረሙን ሳልጨርስ የአጥሬ በር ላይ ባጃጅ ቆመ። የእድራችን ሊቀመንበር ድንኳን ጭኖ መጥቷል። ጎረቤቴ ነው፤ ቤታችንን የሚለየው ሦስት አጥር ነው። ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ዓይኑን እየጠረገ ገባ፤ ከነመኮትኮቻዬ አየኝ። ይደነግጣል፣ ያቅፈኛል ብዬ ስጠብቅ ተቆጣ።

«አንተ ሰውዬ፣ ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ብዬ?»

«አልሞትኩም ብለህ! ድንኳን አስወጥተህ፣ ሰው አስጠርተህ!»

«ሦስት አጥር ነው እኮ፤ መጥተህ ብታይስ?»

«አይቻለሁ እኮ፤ ስልኬ ላይ!» አለ። ነፍስ ይማርም ጽፏል፤ አሳየኝ። ወዲያው የባለቤቴ የቤተ ክርስቲያን እህቶች እየዘመሩ ደረሱ። እኔን ሲያዩ መዝሙሩ መሃል ላይ ተቋረጠ። አንዷ «ጌታ ይመስገን» አለች፣ ትንሽ ቅር እንዳላት ግን ከድምፅዋ ያስታውቃል። ባለቤቴ ሁሉንም ሻይ አጠጣች። ድንኳኑ ሳይተከል ተመለሰ።

ቀልዱ እዚህ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ስልክ ደውዬ «ልጄ፣ ቃሉ ሌላም ትርጉም አለው» ብላት ታጠፋው ነበር፤ ስህተትም በደብተር ይቀር ነበር። እኔ ግን በእድሩ ሊቀመንበር የተነሣው ንዴቴ አልበረደም፤ ጡረተኛ ነኝ፣ ሥራ የለኝም፣ ስልክ አለኝ። የእሷን ጽሑፍ ከነስሟ ፎቶ አንሥቼ ለጠፍኩና ከላዩ ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «እኔ አልሞትኩም። የሞተው ያስተማርኩት አማርኛ ነው።»

ዓረፍተ ነገሩ ጥሩ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ኮራሁበት። ባለቤቴ አነበበችና «ይሄ ደግሞ ለምን አስፈለገ?» አለችኝ። መልስ አልሰጠኋትም፤ ምክንያቱም ስልኩ መጮህ ጀምሮ ነበር፣ እኔም ስንት ሰው እንደሳቀልኝ እያየሁ ነበር። በሠላሳ ዓመት ማስተማር እንደዚያ ያለ ጭብጨባ አግኝቼ አላውቅም።

ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይባላል። ሐሳብ የጨመረ ግን አላየሁም፤ የተጨመረው ሌላ ነው። አንዱ የማላውቀው ሰው የልጅቷን ጽሑፍ በቪዲዮ፣ «የደቡብ ሰው አነጋገር» ነው ብሎ በፈጠረው ድምፅ አነበበው። ሌላው «አማርኛ ሳትችል እንዴት አስተማሪ ሆነች» አለ። ሌላው ተነሥቶ «ቋንቋው መጀመሪያ ለምን ተጫነባት» ብሎ መለሰ፤ ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ወገኖች ስለ ሕገ መንግሥት፣ ስለ ክልል፣ ስለ ድሮ ነገሥታት ሲሰዳደቡ ሰነበቱ። የእሷን ፎቶ ከየት እንዳገኙት አላውቅም፤ በጨሌ ካጌጠች፣ እሷ ከማታውቃት ሴት ፎቶ አጠገብ አድርገው «ድሮና ዘንድሮ» ብለው ለጠፉት። ከእነዚህ ሁሉ ዲመካን በእግሩ የረገጠ አንድ እንኳ መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሁሉም የሚጀምሩት ግን በእኔ ዓረፍተ ነገር ነበር። ሰርዤዋለሁ፤ ምን ዋጋ አለው፣ በየሰዉ ስልክ ገብቷል። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። ለጣት ወለምታ ቅቤውም የለም።

እሷ «ይቅርታ መምህር» ብላ ጻፈችና ገጿን ዘጋች። ስልኳ ላይ ደወልኩ፤ አታነሣም። ደግሜ ደወልኩ። ሳምንታት አለፉ። በመጨረሻ የደወለልኝ ከእሷ ጋር አንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምር የድሮ ባልደረባዬ ነው። ዲመካ ውስጥ አማርኛ ታስተምራለች፤ ከሐመር ልጆች ከእኔ እጅ ወጥተው አማርኛ አስተማሪ ከሆኑት የመጀመሪያዋ ናት። ባልደረባዬ «አማርኛ አላስተምርም፣ ስፖርት ስጡኝ ብላ ማመልከቻ አስገብታለች» አለኝ።

«ምን ምክንያት ሰጠች?»

«ላንብብልህ» አለና አነበበልኝ፦ «የአማርኛ ቋንቋ ችሎታዬ ለማስተማር የሚያበቃ ባለመሆኑ፣ ተማሪዎቼ በእኔ ምክንያት መሳቂያ እንዳይሆኑ በማሰብ፣ ከቦታው እንድነሣ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

እንደ ልማዴ ስህተት ፈለግኩ። አንድም የለበትም። አማርኛ አልችልም የሚል፣ እንከን የሌለው የአማርኛ ደብዳቤ። ስልኩን ዘግቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ባለቤቴም ያኔ ያልመለስኩላትን ጥያቄ አልደገመችውም፤ ጃኬቴን አመጣችልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ዲመካ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ቀይ አፈር ስንደርስ አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት አፍጥጦ አየኝና «ፋዘር፣ እርስዎ የሞቱት መምህር አይደሉም እንዴ?» አለኝ። መልስ ሳይጠብቅ ስልኩን ከፊታችን ዘርግቶ ፈገግ አለ። «ወንድሜ፣ ተወኝ፣ ሙት ፎቶ አይነሣም» አልኩት። በዚህም ሳቀ፤ እንደሚጽፈው ገባኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ትምህርት ቤቱ ስደርስ ክፍል ውስጥ ነበረች፤ ተተኪ እስኪመጣላት ታስተምራለች። በሩ ክፍት ነው። ጠመኔ በእጇ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ትጽፋለች። ልጆቹ እኔን ሲያዩ ዞረች። ጎልማሳ ሆናለች፤ የመነጽሯ አንዱ እግር በክር ታስሯል። እሷ አላቀፈችኝም፣ ይግቡም አላለችኝ። ወደ ክፍሉ ዞረች።

«ልጆች፣ በሌላው አማርኛ የሳቀ ምን ይሆናል?»

«ውጭ ይቆማል!» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ።

«እስከ መቼ?»

«ደወል እስኪደወል!»

ደንቤ ነው። ከዲመካ ከወጣሁ ስንት ዓመቴ፤ እኔ ጂንካ ገብቼ ረስቼዋለሁ፣ እሷ ግን ስታስተምረው ኖራለች። ባርኔጣዬን አውልቄ ወጣሁና በሩ ጎን ቆምኩ። የዲመካ ፀሐይ የታወቀ ነው። ጉልበቴም እንደ ያኔው አይደለም። ልጆቹ በመስኮት አዩኝ፤ አልሳቁም፣ መሳቅ ምን እንደሚያስከትል ከፊታቸው ቆሟል። ከውስጥ ድምፅዋ ይሰማኛል፦ «‹አረፈ› ሁለት ትርጉም አለው። ጻፉ። አንደኛ፣ ከድካሙ ተገላገለ። ሁለተኛ፣ ሞተ። ሁለተኛውን መምህሬ አልነገሩኝም ነበር፤ እኔ ግን እነግራችኋለሁ።» እውነቷን ነው። እዚያው ቆሜ ራሴን ነቀነቅኩ።

ደወሉ ተደወለ። ልጆቹ እየሮጡ አለፉኝ። እሷ መጨረሻ ላይ ወጣች።

«ጡረታ ወጡ ማለት እንዳለብኝ አውቅ ነበር» አለችኝ። «‹ወጡ› ሲባል ግን ያባረሩዎት መሰለኝ። ደስ አላለኝም።»

«ልጄ፣ በድዬሻለሁ» አልኳት። «በደብተር ያልቅ የነበረውን አደባባይ አወጣሁት። ይቅር በይኝ።»

የጠመኔውን አቧራ ከእጇ አራገፈች። «ይህንንም ይለጥፉታል?»

«አልለጥፍም።»

«ጥሩ። ከለጠፉት እነዚያ ተሳዳቢዎች ደግሞ ይሰበሰባሉ።»

«ማመልከቻሽስ?»

ባዶውን ክፍል ዞራ አየች። «እኔ ከተነሣሁ የሳቀውን ማን ውጭ ያቆመዋል?» አለች፤ እኔን ሳይሆን ራሷን የምትጠይቅ ነበር የምትመስለው። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብታ የራሷን ወንበር ይዛ ወጣች። ጥላው ጋ አስቀመጠችና በመዳፏ አቧራውን ጠረገችው። ቃሉ አፏ ላይ ሲደርስ ትንሽ አመነታች፤ አየሁት። ያም ሆኖ አልቀየረችውም።

«መምህር፣ አረፍ ይበሉ» አለችኝ።

እሺ ብዬ አረፍኩ።