ከአሊዩ አምባ የወጣው ፊት

ያጎቴ ልጅ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥቶ በሬን ያንኳኳው አባቱ ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በመካከሉ ሰርግም ተዝካርም ደግሰዋል፤ ለአንዱም አልተጠራሁም። አሁን ግን ስኳርና ሙዝ ይዞ መጣ። ስኳሩን ሳይ ጉዳይ እንዳለው ገባኝ።

«እትዬ፣ አንቺ ብቻ ነሽ የቀረሽው» አለኝ ወንበሩ ላይ በቅጡ ሳይደላደል።

«ከምኑ?»

«የሥላሴ ሥዕል ሲሣል ካዩት ሰዎች።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንኮበር ያለው የደብራችን አሮጌ ቤተ ክርስቲያን፣ ያ ክቡ የጭቃ ቤት፣ ሊፈርስ ነው። አጠገቡ አዲስ ተሠርቷል። ለአዲሱ የሚሆኑ ሥዕሎች አዲስ አበባ ታትመው መጥተዋል። አሮጌዎቹ፣ በአቡጀዲ ላይ ተሥለው ከመቅደሱ ግድግዳ ጋር የተለጠፉት፣ ተልጠው ዕቃ ቤት ሊገቡ ነው። የዕቃ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል፤ አይጡም የታወቀ ነው። ያጎቴ ልጅ የሥላሴን ሥዕል ብቻ ማትረፍ ፈልጓል። ሠዓሊው የሥላሴን ፊት የወሰደው ከአባቱ ከአለቃ ነው እየተባለ በቤታቸው ሲወራ ኖሯል። ይህን ያየ ሰው በሽማግሌዎች ፊት ከመሰከረ፣ የአለቃ መታሰቢያ ተብሎ በመስተዋት ተከድኖ አዲሱ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይሰቀላል። ካልመሰከረ ዕጣው ከሌሎቹ ጋር ነው።

«ለሠዓሊው ምሳ የምታመላልሺው አንቺ ነበርሽ አሉ» አለኝ። «አባባን አስቀምጦ ሲሥላቸው አይተሻል አይደል?»

«እስቲ ላስብበት» አልኩት።

ያላልኩት ብዙ ነው። አንደኛው፣ ያ ፊት ያባቱ እንዳልሆነ ነው። ሁለተኛው ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ነው፤ እኔ ስጸልይ የማየው ያንኑ ፊት ነው። ጎረቤቴ ዓይኗን ስትጨፍን ብርሃን እንደምታይ ትናገራለች። ሌላዋ ምንም አላይም፣ ድምፅ ብቻ ነው ትላለች። እኔ የማየው አንድ ሽማግሌ ነው። ስወልድም ስቀብርም ያነጋገርኩት እሱን ነው። አይጥ ሲበላው ዝም ብዬ ማየት አልችልም።

ሥዕሉ ከመሣሉ በፊት እኛ ልጆች እግዚአብሔርን የምናውቀው በጉም ነበር። ጠዋት ጠዋት ከቆላው ጉሙ ገደሉን እየዳበሰ ሲወጣ፣ ታች ሆኖ የሚተነፍስ አለ እንል ነበር። አንዷ ጓደኛዬ እግዜር በጣም ስላረጀ ጥርስ የለውም ትላለች። ሌላዋ ደግሞ ካባ ለብሷል፣ ካባው ስለሚከብደው ነው ከሰማይ የማይወርደው ትላለች። ያ ጉም ዛሬም በአፍንጫዬ ይመጣል። እርጥብ ጥድ ጥድ ይሸታል። እኔ ግን በሆዴ አንድ ፍርሃት ነበረኝ። እግዜር አጎቴን እንዳይመስል እፈራ ነበር።

አባቴ ከሞተ በኋላ እኔና እናቴ የምንኖረው በአጎቴ ቤት ነበር። የደብሩ አለቃ ነው። ሪዙ ነጭ፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ። ሲገባ እንነሣለን፣ ሲወጣ እንነሣለን። ልጅ ሲስቅ ከሰማ «ምን ተገኘ?» ይላል። ምንም እንዳልተገኘ ነግረነው ዝም እንላለን። እናቴ ገና እግሩን ስትሰማ ድምጿ ይቀጥናል። ይህን ሁሉ ያየሁት በልጅ ዓይን ነው፤ ነገር ግን ባረጀውም ዓይኔ ሳየው አልተለወጠም።

ሠዓሊው ከጎጃም የመጣ ሰው ነበር። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አንዲት ጎጆ ተሰጠችው፤ ምግቡን ምእመናን በየሳምንቱ ተራ ይችሉታል። የእኛ ቤት ተራ ሲደርስ ምሳውን የማደርሰው እኔ ነኝ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጻድቅ ሰው ሁለት ዓይን አለው፤ ኃጥእ በጎኑ ስለሚሣል አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚታየው። ሰውዬው በዚህ ይቀልድብኝ ነበር።

«ወጡን አቀዝቅዘሽ ካመጣሽ ባንድ ዓይን ነው የምሥልሽ።»

«እኔ ሁለት አለኝ፤ ይኸው።»

«እሱን ወጡን ስቀምሰው እናያለን።»

ቀለሙን የሚያመጣለት ከታች ከቆላው፣ ከአሊዩ አምባ ገበያ የሚወጣ ነጋዴ ነበር። እስላም ነው፤ ሽማግሌ። በቅሎውን ከነፍሱ አስበልጦ ያያታል፤ ዳገቱን እየሳበ ያወጣታል እንጂ አይቀመጥባትም። ቀዩን፣ ቢጫውን፣ ሰማያዊውን በትንንሽ ወረቀት ጠቅልሎ ያመጣል። «ቢስሚላህ» ሳይል ቋጠሮ አይፈታም። እኛ ልጆች አባባ ነበር የምንለው። ግንባሩ ሰፊ ነው፤ ሪዙ አገጩ ላይ ለሁለት ተከፍሏል። የግራ ቅንድቡ ከቀኙ ከፍ ይላል፤ አንድ ነገር ጠይቆሽ መልስሽን የሚጠብቅ ይመስላል። ሁልጊዜ ከከረጢቱ ቴምር ያወጣልኛል። በቤታችን የልጅን መልስ የሚጠብቅ ሰው አልነበረም፤ ለዚህ ይሆናል ያን ፊት እንደዚያ የወደድኩት።

አንድ ቀን ሠዓሊው «አባባ፣ እስቲ አንዴ ወደ ብርሃኑ ዞር ይበሉልኝ፤ ፊትዎን ልሣለው» አለው።

«ተወኝ አንተ ሰው፤ ሐራም ነው» አለ ነጋዴው እየሳቀ። «ነገ በቂያማ፣ በፍርዱ ቀን፣ የሣልከውን ነፍስ ዝራበት ብትባል ምን ልትመልስ ነው?»

«እንግዲያው ቀለሙን እየመዘኑ ያጫውቱኝ።»

እሱ ሚዛኑ ላይ አጎነበሰ። ሠዓሊው ከሰል አንሥቶ ቀና፣ ጎንበስ ማለት ጀመረ። ከሰሉ አቡጀዲው ላይ ሲሄድ አየሁት። ነጋዴው አላየም። እኔ ደግሞ የሚያወራ ሰው ሳገኝ አልችልም፤ የሆዴን ጠየቅሁት።

«አባባ፣ የእናንተ እግዜር ምን ይመስላል?»

ሚዛኑን አስቀመጠ። «ምንም አይመስልም፣ ልጄ።»

«ሽማግሌ ነው?»

«አይደለም።»

«ልጅ ነው?»

«እሱንም አይደለም። በሐሳብሽ የመጣውን ሁሉ አይደለም።»

«ታዲያ በምን ታውቁታላችሁ?»

«ሲያዝንልን» አለ። ቅንድቡ ከፍ እንዳለ ወደ ሚዛኑ ተመለሰ።

በዚያው ሳምንት አጎቴ ጎጆዋን ሊጎበኝ ገባ። በአቡጀዲው ላይ ሦስቱ ሽማግሌዎች አንድ ዓይነት ሆነው ተቀምጠዋል፤ አንዱ ከሌላው ከተለየ ክህደት ነውና። አጎቴ ቀርቦ አየው። ሪዙን ዳበሰ።

«ይህ ፊት የማን ነው?» አለ።

«እርስዎ የማን ይመስልዎታል?» አለ ሠዓሊው።

አጎቴ «እኔ ምን አውቃለሁ» ብሎ ፈገግ አለ። ፈገግ ሲል ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ከማግስቱ ጀምሮ የሠዓሊው ምግብ ከእኛ ቤት ብቻ እንዲሄድ አዘዘ፤ ቅቤው በዛ፣ ጠጅ ተጨመረ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ሪዙን አገጩ ላይ ለሁለት ይከፍለው ጀመር። ያጎቴ ልጅ በቤት ያለውን ፎቶ እያየ ይመሰክር ይሆናል፤ ፎቶው ግን ከሥዕሉ በኋላ የተነሣ ነው።

ሥዕሉ ግድግዳው ላይ ወጥቶ መጋረጃው የተገለጠው በደብሩ ንግሥ ዕለት ነው። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔ ቀና ብዬ ሳይ ያ ቅንድብ ከላይ መልሴን ይጠብቃል። ደስታዬን መያዝ አቅቶኝ «አባባ ነጋዴው!» አልኩ። እልልታው መሐል ላይ ቀረ።

አጎቴ በር ላይ ጠበቀኝ። «ማን ነው ያልሽው?»

ደገምኩለት። እውነት የሚያስመታ አልመሰለኝም ነበር። በአለንጋው ሰው ፊት ገረፈኝ። ሠዓሊው እዚያው ቆሟል። አየኝ፣ ከዚያ መሬት መሬት አየ። «ልጅ ናት፤ የምታየውን አታውቅም» አለ። ያን ቅቤ ሁሉ የተሸከምኩለት እኔ ነኝ።

አጎቴ ከፊደል ትምህርት አስወጣኝ። ዋሾ ልጅ ዳዊት አይደግምም አለ። እናቴን እንድትናገርልኝ ለመንኳት። «ዝም በይ» አለችኝ፣ «የምንበላው በእሱ እጅ ነው።» ማንበብና መጻፍ የጨረስኩት ልጆች ወልጄ፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው። ዋሾዋ የሚለው ስም ግን ባል ቤት ድረስ ተከትሎኛል።

እንግዲህ ያጎቴ ልጅ ምስክር ሁኚ ያለኝ እኔን ነው። መንገዱ ሰላም ነው እስኪባል ስጠብቅ ሳምንታት አለፉ፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አወጣሁ አወረድኩ። እውነቱን ብናገር ሥዕሉን ዕቃ ቤት እንኳ አያስገቡትም፤ ያቃጥሉታል። ነጋዴውንም በመቃብሩ እበድለዋለሁ። ፊቴን አትሣል፣ አላህ ምንም አይመስልም ያለ ሰው ነው። ብዋሽ ደግሞ የገረፈኝ ሰው በመስተዋት ተከድኖ ሊሳለሙት ነው።

አንኮበር የደረስኩት በሚኒባስ፣ በረፋድ ነው። ጉሙ ገና አልተነሣም። ሽማግሌዎቹ በግቢው ምንጣፍ አንጥፈው አቡጀዲውን ዘርግተውታል። የግራው ፊት በፍሳሽ ጠፍቷል፤ የቀኙም ተልጧል። የመካከለኛው ደኅና ነው። ቆሜ ሳየው ስድሳ ዓመት ያህል ሽቅብ የማየው ሰው እግሬ ሥር ተኝቷል። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ይህ ፊት የማን ነው?» አለኝ ጸሐፊው፣ እስክሪብቶውን ይዞ።

«የአለቃ ነው» አልኩ።

«ሲሣሉ አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

ያጎቴ ልጅ አለቀሰ። ጉልበቴን ሊስም ሲያጎነብስ እግሬን ሰበሰብኩ። ጽፈው አስፈረሙኝ። በጣት አሻራ ሊያስፈርሙኝ ነበር፤ እስክሪብቶውን ተቀብዬ ስሜን ጻፍኩ።

ስወጣ አንድ ያረጁ ቄስ ከኋላዬ እያዘገሙ ደረሱብኝ። በዚያ ዘመን ዲያቆን ነበሩ። ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጠው አንድ ቃል አልተነፈሱም።

«ያን የንግሥ ዕለት ሌላ ነበር ያልሽው» አሉኝ።

«ልጅ ነበርኩ፣ አባ።»

«እኔ ልጅ አልነበርኩም። በቅሎዋን እኔ ነበርኩ የማስርለት። ገና መጋረጃው ሲገለጥ ነው ያወቅሁት።»

ቆምኩ። ይህን ሁሉ ዘመን ብቻዬን የተሸከምኩት መስሎኝ ነበር።

«ታዲያ ያኔ ምነው ዝም አሉ? ዛሬስ?»

«ዛሬ አንቺ እውነቱን በደበቅሽበት ምክንያት» አሉ። «የሐሰት ምስክርነት ግን ቀላል አይደለም። ነይና ተናዘዢልኝ፤ ሸክሙን አብረን እናውርደው።»

«ዛሬውን ነገሩኝ እንጂ ያኔውን መቼ ነገሩኝ» አልኳቸው። «መጀመሪያ እርስዎ ይናዘዙልኝ።»

ይቆጣሉ ብዬ ነበር። ግቢው በር አጠገብ ካለው ድንጋይ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ።

«ስትገረፊ» ብለው ጀመሩ፣ «አለንጋውን ያቀበልኳቸው እኔ ነኝ።»

እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ።